ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከኢንኩቤተሩ በር ጀርባ

የኢንኩቤተሩ፣ የሴል ማሳደጊያው ማሽን፣ መመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን 5 ከመቶ ላይ አድርጉት ይላል። ጠጋ በሉና ልንገራችሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ቁጥር እንዳለ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው ሴሎቹን ሳያውቅ ያስቸግራል። መመሪያው የተጻፈው ባሕር ጠረፍ አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው። እኛ የካ ክፍለ ከተማ ያለነው ግን፣ መገናኛም ሆነ ሾላ፣ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው። የአየሩ ግፊት 760 ሳይሆን 570 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ላይ እርጥበቱ የሚይዘው 47 ሲነሣለት፣ ያው 5 ከመቶ የሚሰጠን ጋዝ ጠረፍ ላይ ከሚሰጠው ከሩብ በላይ ያንሳል። ሴሎቹ የሚኖሩበት ሚዲያ አሲድነቱን የሚጠብቀው በዚህ ጋዝ ነውና ቀለሙ ከቀይ ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል፣ ሴሎቹም ይከፋሉ። እዚህ የሚያስፈልገው 7 ከመቶ ገደማ ነው።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። አንዳንዱ ኢንኩቤተር ጋዙን የሚለካው በኢንፍራሬድ ዳሳሽ ነው። የግፊት ማስተካከያ የሌለው ዳሳሽ የሚቆጥረው በፊቱ ያሉትን ሞለኪውሎች እንጂ መቶኛውን አይደለም። ስለዚህ መስኮቱ ላይ 5 እያለ ውስጡ ለሴሉ የሚበቃው ያህል ጋዝ ሊኖር ይችላል። ከዚያ አንድ ጠንቃቃ ባለሙያ ይመጣል፣ በሌላ መሣሪያ ይለካና 7 ሆኖ ሲያገኘው ተበላሽቷል ብሎ ወደ 5 ያወርደዋል። ደህና የነበረው ማሽን በጥንቃቄ ብዛት ይበላሻል። ለዚህ ነው ነገሩ የገባው ሰው መስኮቱን የማያምነው። ሌሊቱን ኢንኩቤተር ውስጥ ያደረ ሚዲያ ያወጣና አየር ሳይለውጠው ቶሎ ብሎ ፒኤቹን ይለካል።

ዕቃ በእንፋሎት የምናመክንበት የአውቶክሌቩም ነገር እንዲሁ ነው። ጠረፍ ላይ ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ ደርሷል። የካ ላይ ያው 15 ከ117 ዲግሪ ብዙም አያሳልፍም፤ 121ን ለማግኘት ጌጁ ወደ 19 መጠጋት አለበት። ሙቀቱን በዳሳሽ የሚከታተለው አዲሱ ማሽን ይህን ራሱ ያስተካክላል። በጌጅ ብቻ የሚሠራው አሮጌው ግን አያስተካክልም፣ ተማሪዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚማሩት ደግሞ በአሮጌው ነው። ዕቃው ንጹሕ ነው ተብሎ ይወጣል፤ በሁለተኛው ሳምንት ሳህኑ ውስጥ ሻጋታ ሲታይ እጁን ያልታጠበ ተማሪ ፍለጋ ይጀመራል።

ከእነዚህ ከሚናቁ ነገሮች የጀመርኩት በምክንያት ነው። የምሠራበት ሙያ ኤፒጄኔቲክስ ነው፤ የማሳድገው ደግሞ ገና ምን እንደሚሆን ያልወሰነውን ሴል፣ ፕሉሪፖተንት የሚባለውን ግንደ ሕዋስ ነው። ይህ ሴል የኖረበትን አየር ይመዘግባል። ማስታወሻ ደብተራችን ላይ ያልጻፍነውን እሱ በራሱ ላይ ይጽፈዋል። በታተሙ ጽሑፎች ውስጥ አንድ መስመር እንኳ የማይሰጠው የአየርና የቦታ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የውጤቱ ግማሽ እሱ ነው። በሙያው ያለን ሰዎች ይህን በኮሪደር እናወራዋለን፤ በመድረክ ግን እምብዛም አይነገርም።

ጉዳዩ ለማያውቀው አንባቢ እንዲህ ነው። የድጓ መጽሐፍ የተመለከተ ሰው ከፊደሉ በላይ ጥቃቅን ምልክቶች ተሰድረው ያያል። ፊደሉ ለሁሉም አንድ ነው። ድምፁ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚደፋ፣ የት እንደሚርገበገብ ለመሪጌታው የሚነግሩት እነዚያ ምልክቶች ናቸው። በሰውነታችን ያለ ሴል ሁሉ፣ የዓይኑም የጉበቱም፣ ያንኑ ዲኤንኤ ይዟል። ዓይኑን ዓይን፣ ጉበቱን ጉበት የሚያደርገው ከፊደሉ በላይ ያለው ምልክት ነው። ከምልክቶቹ ዋነኛው ሜታይል የሚባል ትንሽ የኬሚካል ቅንጣት ሲሆን ሳይቶሲን በተባለው የዲኤንኤ ፊደል ላይ ይቀመጥና ብዙ ጊዜ ጂኑን ዝም ያሰኘዋል። ዲኤንኤው የሚጠቀለልባቸው ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖችም የየራሳቸው ምልክት አላቸው። ኤፒጄኔቲክስ የሚለውን ስም ያወጣው እንግሊዛዊው ኮንራድ ዋዲንግተን ነው፤ ዘመኑ 1942፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው። የ77ቱን ረሃብ ካልጠራሁ በቀር ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ በዚያው ነው።

ምልክቱ ከተጻፈ በኋላ ሊፋቅ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ለዘመናት አከራካሪ ነበር። ጆን ጉርደን በ1962 ከእንቁራሪት አንጀት የተወሰደ ኒውክለስ ወደ እንቁላል ገብቶ ሙሉ እንስሳ እንደሚወጣው አሳየ። ጄምስ ቶምሰን በ1998 ከሰው ሽል ግንደ ሕዋስ አወጣ። ሺንያ ያማናካ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ቆዳ ሴል ላይ አራት ጂኖችን ብቻ አስገብቶ ሴሉን ወደ መጀመሪያው ሁኔታ መለሰው፤ በ2012 ጉርደንና ያማናካ ኖቤልን ተካፈሉ። የሽልማቱ ዜና የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። እጩ ጂኖቹ 24 ነበሩ። አንድ በአንድ ሲሞከሩ አንዳቸውም አልሠሩም። ካዙቶሺ ታካሃሺ የተባለው ወጣት ተመራማሪ ሃያ አራቱንም አንድ ላይ ጨመራቸው፣ ቀጥሎ ደግሞ አንድ በአንድ እያወጣ የትኛው ሲጎድል ሥራው እንደሚቆም አየ። የዘመናችን ትልቁ የባዮሎጂ ግኝት የመጣው በእንዲህ ያለ ትዕግሥት ነው።

አሁን ወደ አየሩ ልመለስ፤ የእንጦጦ ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የሜታይል ምልክትን ከዲኤንኤ ላይ መፋቅ የሚጀምሩት ቴት የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። ከሂስቶን ላይ የሚፍቁትም ብዙዎቹ የእነሱ ዘመዶች ናቸው። እነዚህ ኢንዛይሞች ሥራቸውን የሚሠሩት ኦክሲጅን እየበሉ ነው። ኦክሲጅን ሲያንስ እጃቸው ይዝላል፣ ምልክቱም ሳይፋቅ ይቀራል። በ2016 ኔቸር ላይ የወጣ ጥናት በኦክሲጅን እጥረት የተጨነቀ የካንሰር ዕጢ ውስጥ ይህ እንደሚሆን አሳየ። በ2019 ደግሞ ሳይንስ ላይ የወጡ ሥራዎች ከሂስቶን ፋቂዎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው የኦክሲጅን ዳሳሽ መሆናቸውን አረጋገጡ። ስለዚህ አየሩ ሴሉን የሚነካው በተዘዋዋሪ አይደለም፣ ምልክቱን የሚጽፈውንና የሚፍቀውን እጅ ራሱን ይይዘዋል።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ቁጥር መጀመሪያ ባሰላሁት ጊዜ እንቅልፍ የነሣኝ ነው። የላብራቶሪ ሰው በተለመደው የአየር ኦክሲጅን አሳደግኩ ሲል ወደ 21 ከመቶ ማለቱ ነው። ጠረፍ ላይ ይህ እርጥበቱ ተቀንሶ 150 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይሆናል። የካ ላይ 109 ነው። ይህም ጠረፍ ላይ ላለ ሰው 15 ከመቶ እንደማለት ነው። የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ካለበት 3,200 ሜትር ላይ ደግሞ ከ100 በታች ይወርዳል። አንድ ዓይነት ሴል፣ አንድ ዓይነት ሚዲያ፣ አንድ ዓይነት ማሽን ይዘው አንዱ ቦስተን ሌላው አዲስ አበባ ቢሠሩና ሁለቱም የአየር ኦክሲጅን ብለው ቢጽፉ የጻፉት አንድ ሲሆን የሠሩት ሁለት ነው።

ይህ ለግንደ ሕዋስ ቀላል ነገር አይደለም። ሽል በማህፀን የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ከመቶ በሚሆን ኦክሲጅን ውስጥ ነው። የያማናካ ቡድን በ2009 ኦክሲጅኑን ወደ 5 ከመቶ ሲያወርደው የቆዳ ሴል ወደ ግንደ ሕዋስነት የሚመለስበት መጠን እንደሚጨምር አገኘ። በ2010 ደግሞ የሩዶልፍ ዬኒሽ ቡድን ከዚህ የጠለቀ ነገር አመጣ። ሴት ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም አላት፤ ሜሪ ላየን በ1961 እንዳስረዳችው በእያንዳንዱ ሴል አንዱ ይዘጋል። ከመዘጋቱ በፊት ያለው ሴል ነው የመጨረሻው ንጹሕ መነሻ። የዬኒሽ ሰዎች የሰው ሴሎችን ገና ከመጀመሪያው በ5 ከመቶ ኦክሲጅን ሲያወጧቸው ሁለቱም ኤክሶች ክፍት ሆነው ቆዩ። ወደ ተለመደው አየር ሲወጡ ግን አንደኛው ተዘጋ፤ መልሰው ወደ 5 ቢያወርዱትም አልተከፈተም።

ስለ ኤክስ ክሮሞዞም ካነሣሁ አይቀር፣ በሙያው ውስጥ ብዙ ሰው የሚያውቀውንና ጥቂቱ ብቻ የሚጽፈውን ልጨምር። ከሴት የተገኙ የሰው ግንደ ሕዋሶች በሳህን ላይ ብዙ ጊዜ ሲከፋፈሉ የተዘጋው ኤክስ ቀስ በቀስ መሸርሸር ይጀምራል። ዘጊው አርኤንኤ፣ ኤግዚስት የሚባለው፣ ይጠፋል፤ ዝም ያሉት ጂኖች አንዳንዶቹ መናገር ይጀምራሉ። ሴሉ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ያው ነው፣ ጠርዙ የተስተካከለ ጥቅጥቅ ያለ ደሴት። አንድ ሰው የበሽታ ጥናት ብሎ የሕመምተኛዋን ሴል በአርባኛው ፓሳጅ፣ ማለትም ለአርባኛ ጊዜ ወደ አዲስ ሳህን ሲዛወር፣ የጤነኛዋን በአሥራ አምስተኛው ቢያወዳድር የሚያገኘው ልዩነት የበሽታው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ውጤት ሲያሳዩኝ በቅድሚያ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ኦክሲጅኑ ስንት ነበር? ሴሉ የወንድ ነው የሴት? ፓሳጁ ስንተኛ ነው? ጠያቂ እመስላለሁ፤ ግን ያልጠየቀ ሰው ያላየውን ያምናል።

በዚሁ በኤክስ ክሮሞዞም ዘርፍ ስሙን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ቆም የሚልበት ሰው አለ፤ የሮተርዳሙ ኢራስመስ ሕክምና ማዕከል ተመራማሪ እስከአጥናፍ ሙሉጌታ። በ2016 ጂኖም ሪሰርች ላይ በመጀመሪያ ደራሲነት ያወጣው ሥራ ኤሎቢየስ ስለሚባሉ ከመሬት በታች ስለሚኖሩ ትንንሽ አይጦች ነው። ከእነዚህ አንዱ ዝርያ ዋይ ክሮሞዞም የለውም፤ ወንዱም ሴቷም አንድ ኤክስ ብቻ ይዘው ይኖራሉ፣ ወንዱ ግን ወንድ ነው። ሌላው ዝርያ ወንዱም ሴቷም ሁለት ሁለት ኤክስ አላቸው። ወንድነትን ዋይ ይወስናል ብለን የተማርነውን ትምህርት እንዲህ የሚፈትን እንስሳ መርጦ ጂኖሙን ማንበብ ድፍረት ይጠይቃል። ከኤዲት ኸርድ ጋር ፓሪስ ኩሪ ኢንስቲትዩት ሳለ ደግሞ የራሳችንን አገር እንስሳ ይዞ ሠርቷል፤ እሱም ራቁቱ ፍልፈል ነው።

ራቁቱን ፍልፈል ላስተዋውቃችሁ፤ በደጋው ማሳ ላይ አፈር ከሚቆልለው ፀጉራም ፍልፈል የተለየ ነው። ይህኛው የቆላ ነው፣ ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያና ጅቡቲ ይገኛል፤ ቆዳው የተጨማደደ፣ ጥርሱ ከከንፈሩ ውጭ። ለሳይንስ ያስመዘገበው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1842 ነው፣ ናሙናውም ከሸዋ የመጣ ነው። እንደ ንብ በንግሥት ይተዳደራል። የአይጥ ወገን ሆኖ ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል፤ ካንሰር የሚይዘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በ2017 ሳይንስ ላይ እንደተዘገበው ያለ ምንም ኦክሲጅን 18 ደቂቃ ይቆያል፣ በዚያን ጊዜም ኃይሉን ከፍሩክቶስ ያገኛል። በጠባብ ጉድጓድ ተጨናንቆ የሚኖር እንስሳ ስለሆነ የአየር እጥረትን ከልጅነቱ ያውቀዋል።

የዚህን ፍልፈል የቆዳ ሴል ወደ ግንደ ሕዋስ ለመመለስ የሞከሩ ሰዎች ምን ገጠማቸው? በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ የቬራ ጎርቡኖቫና የአንድሬ ሴሉአኖቭ ቡድን በ2017 እንዳሳወቀው ሴሉ እምቢ አለ። የያማናካ ጂኖች ሲገቡበት የአይጥ ሴል ከሚመለሰው እጅግ ያነሰ ብቻ ተመለሰ፣ ምክንያቱም ምልክቶቹ በቀላሉ የማይፋቁ ናቸው። ሴሉ የሆነውን ሆኖ መቆየት ያውቅበታል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የጃፓኑ የኪዮኮ ሚዩራ ቡድን መመለሱ ተሳክቶለት ነበር፤ የተገኙት ግንደ ሕዋሶች ግን ሌላ አስገራሚ ነገር አሳዩ። ፕሉሪፖተንት ግንደ ሕዋስ አይጥ ውስጥ ሲገባ በተለምዶ ቴራቶማ የሚባል ዕጢ ያወጣል፤ ሕዋሱ በእርግጥ ሁሉን መሆን የሚችል ለመሆኑ ዋናው ማረጋገጫችንም ይኸው ነበር። የፍልፈሉ አላወጣም። ዕጢ የሚያፋጥነው ኢራስ የተባለው ጂን በእንስሳው ተበላሽቷል፣ ኤአርኤፍ የሚባለው ጠባቂ ጂን ደግሞ ነቅቶ ቆሟል።

ይህን ለምን አጋንኜ አወራለሁ? ግንደ ሕዋስን መድኃኒት የማድረግ ሥራ ትልቁ ፍርሃት ዕጢ ነው። ከሺህ አንድ ያልበሰለ ሴል በሕመምተኛው ውስጥ ቢቀር ሊያድግ ይችላል። ለዚህ ፍርሃት መልስ የያዘ እንስሳ ከመጀመሪያው የተገለጸው ከሸዋ ነው። በ2022 ደግሞ ኔቸር ኤጂንግ ላይ በወጣ ጥናት የሜታይል ምልክትን እንደ ዕድሜ ሰዓት በመቁጠር የፍልፈሉ ሰዓትም እንደሚቆጥር፣ የንግሥቲቱ ግን ከሌሎቹ ቀስ ብሎ እንደሚሄድ ታየ። እነዚህ ሁሉ ሥራዎች የተሠሩት በውጭ አገር በሚረቡ መንጋዎች ላይ ነው። እኔ በግሌ የሚቆጨኝ እንስሳው መውጣቱ አይደለም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው አየር ስንት ኦክሲጅን እንዳለው፣ ንግሥቲቱ በተፈጥሮ ቦታዋ ሰዓቷ እንዴት እንደሚሄድ መለካት የሚችሉት እዚህ ያሉ ሰዎች ሆነው ሳለ ሥራው በውጭ አገር መቅረቱ ነው።

የሰው ጉዳይም እንዲሁ ነው። ሲንቲያ ቢያል በ2002 ሰሜን ተራሮች ላይ አምባራስ በሚባል ቦታ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ፣ 236 ነዋሪዎችን ለክታ ያሳተመችው ሥራ በዘርፉ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር አምሃ ገብረመድኅን አብሯት ሠርቷል። በአንዲስ ተራሮች ያለ ሰው ከፍታውን የሚቋቋመው ሄሞግሎቢኑን በማብዛት ነው፤ የቲቤት ሰው ደሙ ውስጥ ኦክሲጅኑ እያነሰ ይኖራል። የአምባራስ ሰው ግን ሄሞግሎቢኑ በወንድ 15.9፣ በሴት 15.0 ግራም በዴሲሊትር፣ የደሙ የኦክሲጅን ሙሌትም 95.3 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ቆላ ላይ ካለ ሰው ብዙም አይርቅም። ሦስተኛ መንገድ ተባለ።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ አና ዲ ሪየንዞና ቢያል፣ ዶክተር አምሃም ጭምር፣ አማሮችንና ኦሮሞዎችን ከደጋና ከቆላ ወስደው ጂኖማቸውን ተመለከቱ። በጥናቱ አገላለጽ አማሮቹ በከፍታ ላይ እጅግ ለረጅም ዘመን የኖሩ፣ ኦሮሞዎቹ ወደ ከፍታው የወጡት ከ1500ዎቹ ወዲህ ነው። ቲቤቶችን የጠቀሙት ጂኖች እዚህ አልሠሩም። የሜታይል ምልክትን ሲያዩ ደግሞ በደጋና በቆላ መካከል ልዩነት የታየባቸው ጂኖች የተገኙት በኦሮሞዎቹ ዘንድ ነው። ደራሲዎቹ ራሳቸው የመጀመሪያ ደረጃ ትንታኔ ብለውታል፣ እኔም ከዚያ አላልፍም። ነገር ግን የሚከፍተው ሐሳብ ግሩም ነው። ፊደሉ ለመለወጥ ሺህ ዓመታት ሲፈልግ ምልክቱ ቀድሞ ይደርሳል ማለት ይሆን?

እዚህ ላይ የውስጥ ሰው ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሜታይል ጥናት የሚሠራበት ቺፕ ተንኮለኛ ነው። የደጋዎቹን ናሙና በአንድ ቺፕ፣ የቆላዎቹን በሌላ ቢያስቀምጡ በቺፖቹ መካከል ያለው ልዩነት የከፍታ ልዩነት መስሎ ይወጣል። ናሙናው መቀላቀል አለበት፣ ይህም ከመጀመሪያው ቀን መታቀድ አለበት፤ በኋላ በኮምፒውተር ማስተካከል ሁልጊዜ አይቻልም። ደም ደግሞ የብዙ ዓይነት ሴል ድብልቅ ነው። በቅርቡ ወባ ወይም የአንጀት ትል የያዘው ሰው የነጭ ደም ሴሎቹ ድርሻ ይለወጣል፣ ምልክቱም አብሮ የተለወጠ ይመስላል። ራያ ቆቦ ላይ በ77ቱ ረሃብ ዘመን በማህፀን የነበሩ ሰዎችን የሚያጠኑ የአገራችን ተመራማሪዎች አሉ። ሆላንዶች ከ1944 እስከ 45 ክረምት በረሃቡ ወቅት የተፀነሱ ሰዎችን ስልሳ ዓመት ቆይተው ሲመረምሩ አይጂኤፍ2 በተባለው ጂን ላይ ያለው ምልክት ቀንሶ አግኝተዋል። እዚህም ምልክቱን የሚመረምር ሰው ይህን የቺፕና የደም ነገር ቀድሞ ካላሰበ የወላጆቻችንን መከራ በቺፕ ስህተት ይለውጠዋል፤ ይህን አልፈቅድም።

ከዚህ ወጥመድ የሚያወጣው መንገድ ግንደ ሕዋስ ነው። በካሊፎርኒያ የገብርኤል ሃዳድ ቡድን የአንዲስ ነዋሪዎችን፣ ደማቸው ከመጠን በላይ የሚወፍርባቸውን ሕሙማንና ጤነኞቹን፣ ሴል ወስዶ ወደ ግንደ ሕዋስ መለሰ፤ ከዚያ በሳህን ላይ ቀይ የደም ሴል አሳደገ፣ ኦክሲጅኑንም ቀነሰ። የሕሙማኑ ሴሎች በሳህኑም ላይ ከልክ በላይ ተባዙ፤ መንሥኤው ሴንፕ1 የተባለ ጂን ሆኖ በ2016 ታተመ። ይኸው ቡድን በ2014 የኢትዮጵያ ደገኞችን ሙሉ ጂኖም አንብቧል። የአምባራስን ሰው ሦስተኛ መንገድ በሴል ደረጃ ለመረዳት የሚያስፈልገው መንገድ ይኸው ነው፤ ወባ የሌለበት፣ ምግቡ የታወቀ፣ አየሩ በእጃችን ያለ ሴል። አየሩ ደግሞ የካ ላይ በነጻ አለ። ሌላው ናይትሮጅን እያስገባ የሚፈጥረውን ዝቅተኛ ኦክሲጅን ግማሽ መንገድ ተራራው ሠርቶልናል።

የካ ስል አንድ ግቢ ሁልጊዜ በሐሳቤ አለ፤ የምኒልክ ሆስፒታል። የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ የሚገኘው እዚያ ነው፣ ከሟች የተለገሰ የዓይን ብሌን የሚሰበሰብበት። በጃፓን ኦሳካ የኮጂ ኒሺዳ ቡድን ከግንደ ሕዋስ ያሳደገውን የዓይን ብሌን ሽፋን በ2019 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ላይ አደረገ፤ የአራት ሕሙማን ውጤት በ2024 ላንሴት ላይ ወጣ። በዚህ ዜና የትራኮማ ሕሙማኖቻችንን ያሰበ ብዙ ነው። ሹክ የምለው ግን ይህን ነው፤ በትራኮማ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የታጠፈበት ዓይን ላይ ምንም ዓይነት አዲስ ሽፋን ቢደረግ ሽፋሽፍቱ እየፋቀ ያበላሸዋል። መጀመሪያ የቆብ ቀዶ ሕክምናው ይሠራ። ያ ደግሞ ዛሬ በወረዳ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ነው፣ ግንደ ሕዋስ አይጠብቅም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ስልክ እየደወሉ የሚጠይቁኝ ወላጆች ናቸው። ለልጃቸው ኦቲዝም ወይም ስኳር የስቴም ሴል ሕክምና አለ የሚል ክሊኒክ ውጭ አገር አግኝተዋል፣ ቤት ሊሸጡ ነው። የምመልሰው ግልጽ ነው። የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ለደም በሽታዎች የተረጋገጠ ሕክምና ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው አብዛኛው ገና ሙከራ ነው፤ እውነተኛ ሙከራ ደግሞ ሕመምተኛውን ቤት አያሸጥም። ኤርትራዊውን አንደማርያም በየነን አስታውሱ። አይስላንድ ይማር የነበረ የልጆች አባት ነው። በ2011 ስቶክሆልም ውስጥ ፓውሎ ማኪያሪኒ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ በራሱ የመቅኔ ሴል የተነከረ የመተንፈሻ ቧንቧ ተከለለት፣ ዓለም አጨበጨበ። በ2014 መጀመሪያ ላይ ሞተ። ሐኪሙ በ2023 በስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሁለት ዓመት ከመንፈቅ እስራት ተፈረደበት፤ ላንሴትም ጽሑፎቹን ሰርዟል። ያ ሴል በቧንቧው ላይ ምን እንደሆነ አስቀድሞ በእንስሳ ላይ በደንብ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ አንድ ቀን የአምባራስን አባወራ ደም ስንጠይቃቸው የምናስፈርማቸው ወረቀት ለተራ የደም ምርመራ ከሚሆነው የተለየ መሆን አለበት። ተራ ደም ይመረመራል፣ ያልቃል። ግንደ ሕዋስ የሆነ ደም አያልቅም፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን ተቀምጦ ከሰጪው ዕድሜ በላይ ይቆያል፣ ከአገር አገር ይላካል፣ ነርቭም ልብም ይሆናል። ይህን በአማርኛ፣ በሚገባቸው ቃል፣ ፊርማ ከመጠየቁ በፊት መንገር ግዴታ ነው። እርስዎ ሲያርፉ ሴሉ እንደሚኖር፣ ልጆችዎ ይጥፋልን ቢሉ ማንን እንደሚጠይቁ፣ ውጭ አገር ከሄደ ቅጂው አዲስ አበባ እንደሚቀር፣ ከእሱ መድኃኒት ቢወጣ ለአምባራስ ምን እንደሚመለስ። ከቅጹ ግርጌም ባዶ መስመር አይቅር፤ ሴሉ በስንት ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ኦክሲጅን እንዳደገ፣ ስንተኛ ፓሳጅ ላይ እንደቀዘቀዘና በየትኛው ከተማ እንደሆነ ይጻፍበት።